የካሣነሽ መቀርቀሪያ

የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ስለ ካሣነሽ ሲያወራ የሚጀምረው ከበሯ ነው። «የካሣነሽ በር እኮ!» ይላል አንዱ፤ ሌላው ነገሩን ገና ሳይሰማ ይስቃል። በሩ የወይራ ሳንቃ ነው። ከውስጥ በኩል አንዲት ሴት በሁለት እጇ ካልሆነ የማታነሣው መቀርቀሪያ አለው። ከብቱ ከመስክ ተመልሶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ መቀርቀሪያ ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ እስኪነጋ ጳጳስ ቢመጣም አይነሣም ይባላል። ጳጳስ እንኳ መጥቶ አያውቅም። የንስሐ አባቷ ግን አንድ ምሽት ጠበል ሊረጩ መጥተው ነበር። «ይፍቱኝ አባቴ፣ ጠበሉ ሲነጋም ጠበል ነው» ብላ በሳንቃው ስንጥቅ መስቀላቸውን ተሳልማ መለሰቻቸው። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸውና በማግስቱ ረፋድ ላይ መጥተው ረጩ።

ፊቷም ከበሯ ብዙ አይለይም። ግንባሯ እንደተቋጠረ ይውላል። ጥርሷን አየሁ የሚል ሰው ካለ፣ ስትስቅ ሳይሆን ክር በጥርሷ ስትበጥስ ነው ያያት። ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ ታቀርባለች፤ መተዳደሪያዋ እሱ ነው። ሸማኔዎቹ ከሷ ጋር ክርክር አይገጥሙም። አንድ ቃል ትናገርና እንዝርቷን ታነሣለች፣ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ይህን ሁሉ ጥብቅነት ምን አመጣው ለሚል፣ እሷ ስለማታወራው እኛ ባጭሩ እናውራው። ካሣነሽ የጋይንት ሰው ናት፤ ያደገችው ከአርብ ገበያ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። ገና ጡት እንኳ ያላወጣች ልጅ ሳለች፣ ከገበያ ስትመለስ የክርስትና አባቷ «መንገዱ አያስተማምንም፣ ልሸኝሽ» ብሎ አብሯት ተነሣ። የሸኛት ግን ወደ ቤቷ አልነበረም። ወንዙ ዳር ጎረምሶች ይጠብቁ ነበር። በበቅሎ ጭነው ስሙን ለማታውቀው ሰው ወሰዷት። ጩኸቷን የሰማ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ከቤቱ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። በማግስቱ ሽማግሌ ተላከ፣ ፍሪዳ ተጣለ፣ ነገሩም ሠርግ ተብሎ ተዘጋ። ከዚያ ቤት ወጥታ መካነ ኢየሱስ እስክትገባ ድረስ ወጣትነቷ አልቆ ነበር።

እንግዲህ በ1975 ዓ.ም. ከዚያ መቀርቀሪያ በስተኋላ ሦስት ልጃገረዶች ይኖሩ ነበር። ሦስቱም ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ትርፍ ቤት ተወርሶ ኪራይ መቀበል የተከለከለ ነበር፤ ካሣነሽ ደግሞ ትርፍ ቤት ኖሯትም አያውቅ። ያላት አንዲት ቤትና አንዲት ጓዳ ናት። ጓዳዋን ለልጆቹ ለቀቀች። በምትኩ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ እሷ ስትፈትል ትምህርታቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ይህን የመጨረሻውን ያወጣችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በጉልምስናዋ ፊደል ከቆጠረች በኋላ ነው። ማንበብ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምታውቅ፣ ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ተኝቷል ብላ ትጠረጥራለች።

ከሦስቱ አንዷ መሰለች ነበረች። አባቷ ሞቷል። እናቷ ባንቺዓለም ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ በምትርቅ መንደር ታርሳለች፤ ማለት ታሳርሳለች። የሚያርስላት የሟች ባሏ ወንድም አበጀ ነው። አበጀ ሰው ፊት ጨዋ፣ አንደበቱ ለስላሳ ሰው ነበር። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍልን አልፋ ወደ ከተማ ልትላክ ስትል ግን ለስላሳነቱ አለቀ። «ሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ማን ያገባታል? የሚፈልጋት ባለ ጥንድ በሬ ሰው አለ» አለ። ባንቺዓለምም እምቢ አለች።

የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ሊጀመር ሲል፣ በመስከረም፣ ባንቺዓለም ልጇን ይዛ ካሣነሽ ደጃፍ ቆመች።

«እትዬ ካሣነሽ፣ ይችን ልጅ አደራ» አለች። «እኔ ራሴ መጥቼ በእጄ ካልወሰድኋት ለማንም እንዳይሰጡብኝ።»

«ለማንም?»

«ለማንም። ለአጎቷም ቢሆን።»

«አንቺ ደግሞ የተናገርሽውን ትረሺና ሌላ ሰው ትልኪ ይሆናል።»

«አልልክም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

ካሣነሽ ራሷን ነቀነቀች፣ ልጅቷን አስገባች። ብዙ ነገር አስባ ጠይቃለች። «ብትታመሚስ?» ብላ ግን አልጠየቀችም። ይህን ሳትጠይቅ መቅረቷን በኋላ አጥብቃ አሰበችው።

ወራቱ ሄደ። መሰለች ትምህርቷን የምትወድ ልጅ ናት። ሚኒስትሪ የሚባለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሰኔ ነው፤ ካለፈች ዘጠነኛ ትገባለች፣ ከወደቀች መንደር ውስጥ ያ ባለ ጥንድ በሬ ሰው አለ። ይህን እንዝርቷን የምታሽከረክረው ካሣነሽም ታውቀዋለች።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሯቸው መምህር ቀለመ ወርቅ ነበሩ። ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ አስኳላ የተሻገሩ ሰው ስለሆኑ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ጽፎ መሄድ አይወዱም። «ቃልም እንደ ሰው ነው፤ ከማን ጋር እንደሚውል ሳታዩ ጠባዩን አታውቁትም» ይላሉ። በግንቦት መጀመሪያ፣ ዳግማዊ ትንሣኤ ባለፈ ሳምንት፣ አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ስተርን የሚል። በንባብ መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ አንድ የመርከብ አለቃ የተነገረ ቃል ነው። «ይህ ቃል የሚስማማውን አንድ የምታውቁትን ሰው ጻፉ። ቀጥላችሁ ደግሞ ሰው ያልሆነ አንድ ነገር ጻፉ» ብለው አዘዙ።

ያን ምሽት ካሣነሽ ከኩራዙ አጠገብ ትፈትላለች። መሰለች ጓዳ ውስጥ ሆና ታነባለች። እንግሊዝኛውን ካሣነሽ አትሰማም፤ በመሐል ግን የገዛ ስሟን ሰማች። ከዚያ ሦስቱም ልጆች ጉሮሯቸውን እንደታነቀ ሰው ሳቅ አፈኑ።

«ማነሽ አንቺ፣ ስሜን ምን ውስጥ ነው የከተትሽው?» አለች።

ጓዳ ውስጥ መጽሐፍ ተከደነ።

«መሰለች!»

«የ… የቤት ሥራ ነው እትዬ። ስተርን የሚል ቃል ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጥሩ ሰው ማለት ነው።»

«ጥሩ ሰው ከሆነ ምን ያስቃችኋል?»

መሰለች ውሸት አይሆንላትም፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው። አንገቷን ደፍታ ወጣችና ነገረቻት። ፊቱን የማይፈታ፣ ኮስታራ፣ ክፉ ሰው ማለት ነው ብለው ሦስቱ ተስማምተዋል። ከከተማው ሁሉ ደግሞ የመጣችላቸው ካሣነሽ ናት።

«እንዲያ ነው?» አለች ካሣነሽ። «ቀጥዪ እንግዲያ። ክፉ ስለሆንሁ ንባብ አይቀርም።»

እንደዚህ አለች እንጂ ከፋት። ስትፈትል ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ፤ የካሣነሽ ክር ደግሞ ዝም ብሎ አይበጠስም። ሰፈሩ ክፉ ቢላት ለምዳዋለች። ጓዳዋ ውስጥ ተቀምጠው፣ በኩራዟ እያነበቡ በእንግሊዝኛ ክፉ ሲሏት ግን አዲስ ነገር ሆነባት።

በማግስቱ መሰለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ወትሮዋ እንስራ አላነሣችም። መጥታ ካሣነሽ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አለች። «መምህር ሰርዘውብኛል።»

«ምኑን?»

«ክፉ ያልሁትን። ጨካኝ ብሎ የጻፈም ነበር፣ እሱንም ሰረዙት። ቁጡ ያለውንም።» ልጅቷ የመምህሯን ድምፅ ለማስመሰል ደረቷን ነፋች። «‹ቁጡ ሰው ይቆጣል፣ ይበርድለታል። ክፉ ሰው ሌላውን ማስጨነቅ ያስደስተዋል። ስተርን የሚሉት ሰው ግን ሕግ አለው፤ ሕጉን መጀመሪያ በራሱ ላይ ያጠብቃል። ብታለቅስበት አይላላም፣ ብታቆላምጠው አይላላም› አሉ። ደራሲዎች ደግሞ ለሰው ብቻ አይሉትም። ፊት፣ ድምፅ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ፍርድ፣ ክረምት፣ ተራራ ሁሉ ስተርን ይባላል።»

«ተራራ?»

«አዎ! እኔ ጉናን ነበር የጻፍሁት፤ እሱን አልሰረዙትም። ‹ጉና ለለመነው ብርዱን አይቀንስም። ግን ርብም ጉማራም ከሱ ነው የሚወርዱት› ብለው ለክፍሉ አነበቡልኝ። ደግሞ ምን አሉ መሰለዎት፣ ‹በልቦለድ ውስጥ እንዲህ የተባለ ሰው ሲገባ ቶሎ አትፍረዱበት፤ ደራሲው ያለ ሥራ አላመጣውም›።»

ካሣነሽ እንዝርቷን አዞረች። ከግቢው ቀና ያለ ሰው ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ ጉናን ያየዋል፤ ቀና አለች፣ አየችው።

«እና የኔን ነገር ምን አደረግሽው?»

«እንደገና ጻፊ ተብያለሁ። ‹ፊቷን አትጻፊ፤ ምን እንዳደረገች ጻፊ› ብለውኛል። ግን ምን እንደምጽፍ አጣሁ። በር ዘጋች ብል ያስቃል።»

«ውኃው መቼ ሊቀዳ ነው?» አለች ካሣነሽ።

በዚያው ሳምንት፣ በገበያው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አበጀ መጣ። አንዲት የተጫነች በቅሎና ሁለት ጎረምሶች ይዟል። ጎረምሶቹ ደጅ ቀሩ፤ እሱ ገባ፣ እጅ ነሣ፣ መደብ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ካሣነሽ፣ መሰለችን ልወስዳት ነው። ባንቺዓለም ትንሽ አመም አድርጓት…»

በዚህ አገር ሞት ፊት ለፊት አይነገርም። «ትንሽ አመም» ከተባለ አልጋ ላይ ናት ማለት ነው፤ ተናጋሪው ዓይኑን ከሰበረ ደግሞ ሞታለች ማለት ነው። አበጀ ዓይኑን ሰበረ። መሰለች ከጓዳ ወጥታ ነበርና አየችው፤ ደረቷን መትታ «እናቴን!» ብላ ወደቀች።

ካሣነሽ አምናዋለች። ለምን አታምነውም? የልጅቷ ሥጋ ነው። አደራውም፣ በሩም፣ ሁሉም ከራሷ ጠፋ። ልጅቷን ደግፋ አነሣችና ነጠላዋን እንድትይዝ ወደ ጓዳ ላከቻት። መንገደኛ ነውና ለአበጀ ጠላ ቀዳችለት። ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች።

«እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ» አለች።

«አይ፣ አይ! እርስዎ ለምን ይደክማሉ?» አለ አበጀ። «በቅሎዋም አንድ ናት። ይቅሩ።»

የካሣነሽ እጅ መቀነቷ ላይ ቆመ።

ለቅሶ የሚሄድ ሰው ይቅር አይባልም። ባላንጣ እንኳ ለለቅሶ ከመጣ መንገድ ይለቀቅለታል። እናቷ የሞተችባትን ልጅ ደግፎ የሚያደርስ ሴት ዘመድ ቢጠፋ ከመንገድ ይለመናል። ካሣነሽ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ «ለቅሶ አትምጪ» ሲባል ሰምታ አታውቅም። ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። ጠላውን ጨልጧል። ጢሙን ጠራርጎ ዋንጫውን ወደሷ ዘረጋ፤ ይደገመኝ ማለቱ ነው።

አልደገመችለትም።

«በቅሎዋን አሰናዳ» አለች። «ጀንበሯ እየሄደች ነው።»

አበጀ ወጣ። እግሩ ደፉን እንደለቀቀ መቀርቀሪያው ወረደ። ገና ከብቱ አልተመለሰም ነበር፤ የካሣነሽ በር ከሰዓቱ በፊት ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ በሩ ተንኳኳ። ቀጥሎ ተደበደበ። ቀጥሎ ሰፈሩ ተሰበሰበ። «የሰው እናት ሞታ ልጅ ዘጋችባት!» የሚለው የአበጀ ድምፅ ለስላሳነቱን ጥሎ እንደ ጡሩንባ ተሰማ። የጎረቤቷ የማሚቴ ድምፅም መጣ። «ካሣነሽ፣ እግዜርን ፍሪ! እናቷን ሳትቀብር ልታስቀሪያት ነው?» ማሚቴ ካሣነሽ ልጇን ክርስትና ያነሣችላት ጓደኛዋ ናት፤ ያ ድምፅ ከሁሉም በላይ አቆሰላት።

በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ካሣነሽ፣ በሰፊው ሕዝብ ስም በሩን ይክፈቱ!»

«በሬ ጠባብ ናት፤ ሰፊው ሕዝብ አይገባባትም» አለች ካሣነሽ በስንጥቁ። ውጭ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ድምፅዋን አለሳለሰች። «ስማኝ ልጄ። አደራ የሰጠችኝ እናቷ ናት። ‹ራሴ በእጄ ካልወሰድኋት ለማንም አይስጡ› ብላኛለች፣ ለሱም ጭምር። ነገ ገበያ ነው፤ ከመንደሯ ሰው ይመጣል። እውነት ሞታ ከሆነ አንተ መጥተህ እሰረኝ፤ በገዛ እግሬ እወጣልሃለሁ።»

ሊቀመንበሩ የስብሰባ ንግግር ሲያደርግ አይነጥፍም፤ አሁን ግን ባጭሩ ቀጨው። «ነገ ይታያል፣ ተበተኑ» አለ። ሰዉም እያጉረመረመ ተበተነ።

ውስጥ ያለው ግን የማይበተን ነበር። መሰለች ነጠላዋን እንደያዘች መቀርቀሪያውን ለማንሣት ታገለች። ካሣነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ተደገፈችው። ልጅቷ ገፋቻት፣ ለመነቻት፣ እግሯ ላይ ወደቀች። በመጨረሻ ቀጥ ብላ ቆመች።

«መምህር አርመውኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ሁሉ እንባ ነው። «እሳቸው ናቸው የተሳሳቱት! ስተርን አይደለሽም። ክፉ ነሽ አንቺ! አውሬ ነሽ!»

እትዬ ማለቱም፣ እርስዎ ማለቱም ቀረ። ካሣነሽ ምን ትበል? ልጅቷ ያለችው እውነት ሊሆን ይችላል። አበጀ ሞኝ ስለሆነ ብቻ ይቅሩ ብሏት ቢሆንስ? ኀዘንተኛም ጠላ ይጠማዋል። ባንቺዓለም ገና ሳትሞት አሁን በዚህች ሰዓት በሩን በሩን እያየች «ልጄ መጣች?» እያለች ቢሆንስ? ነገሩ እንዲያ ከሆነ ካሣነሽ በምድርም በሰማይም ይቅርታ የሚያሰጥ ነገር የላትም። ፈራች። ከወንዙ ዳር ጀምሮ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። መቀርቀሪያውን ለማንሣት እጇን ሁለቴ ዘረጋች፤ ሁለቴም መለሰችው። ልጅቷ ለቅሶ አድክሟት መደቡ ላይ ሸለብ ስታደርጋት ጋቢ ደረበችላትና ጀርባዋን ለበሩ እንደሰጠች ተቀመጠች።

ሲነጋ በሕጉ በሩ ተከፈተ። አበጀም፣ ጎረምሶቹም፣ በቅሎዋም የሉም። ይህ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ለቀብር ቸኩለው ሄደው ቢሆንስ ብላ ደስታዋን ራሷ ሻረችው። ደፉ ላይ ቆመች። ገበያተኛው ማለፍ ጀመረ፤ እህል የጫነ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ በግ የሚነዳ። የሚያውቋት ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ሌሎቹ ሁለት ልጆች ውኃ ቀድተው ተመለሱ፤ መሰለች አልተነሣችም። ከመሰለች መንደር የመጣ ሰው የለም። ጀንበር ከፍ አለች። አሁንም የለም። ሊቀመንበሩ አንዴ ብቅ ብሎ አይቷት ሄደ።

ከዚያ ከስማዳ በሚመጣው መንገድ አንዲት አህያ ታየች፤ ጭነቷ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። ከኋላዋ አንዲት ሴት አህያዋን ስትራገም ትሰማለች። ያን እርግማን ካሣነሽ ታውቀዋለች።

አልጮኸችም። አልሮጠችም። የበሩን መቃን ያዘች።

«አረፈድሽ» አለቻት ካሣነሽ፣ ባንቺዓለም ስትደርስ።

«ኧረ እትዬ፣ ይችን አህያ ጅብ ይብላልኝ! ወንዙ ላይ አልሻገርም ብላ አቁማ አስረፈደችኝ» አለች ባንቺዓለም ግንባሯን እየጠረገች። «ምነው ገረጡ? አሞዎት ነው እንዴ?»

ባንቺዓለም መሞቷን ገና አልሰማችም ነበር።

ድምፅዋ ጓዳ ገባ። መሰለች እንዴት እንደወጣች ያየ ሰው የለም፤ የታየችው እናቷ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ነው። ፊቷን ትዳስሳለች፣ እጇን ትዳስሳለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ማሚቴ ከቤቷ ወጥታ አየቻቸውና እልልታዋን አቀለጠችው። ሰፈሩ መልሶ ተሰበሰበ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ባይ ሆነ። የሰው ነገር እንዲህ ነው። ባንቺዓለም ነገሩ ሲነገራት ደነገጠች፣ ወዲያው ተቆጣች፣ ከዚያ መደብ ላይ ተቀመጠች። ካሣነሽ በመሐል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ። ለማባበል ግን ማንም አልደፈረም፤ እንዲህ ያለ ነገር እሷ ላይ አይተው አያውቁምና።

መሰለች ዞር ዞር አለችና ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ አነሣች። በዚህ አገር ትልቅ ሰው የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ከክብደቱ የተነሣ እየተንገዳገደች ካሣነሽ ፊት ተንበረከከች።

«ይማሩኝ እትዬ። አንቺ ብዬዎታለሁ። አውሬም ብዬዎታለሁ።»

ካሣነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«አውርጂው» አለች። «የበሩ መደገፊያ ነው፤ ቦታው መልሺው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ራሷን ሳመቻት።

አበጀን ቀበሌው ቢያፈላልገውም ለጊዜው አልተገኘም። ኋላ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ሁለተኛ በልጅቷ ጉዳይ ላይገባ በቄስ ፊት ምሏል። መሰለችም በሰኔ ተፈተነች፤ አለፈችም። የቤት ሥራዋን ግን እናቷ የመጣች ዕለት እዚያው መደብ ላይ ተቀምጣ ጨርሳዋለች። መምህር ቀለመ ወርቅ ለክፍሉ ሲያነቡላት እንዲህ ይል ነበር፦ «እናቴ ሞተች ብሎ አገር ሁሉ ሲጮህ፣ እኔም እየተሳደብኋት፣ እሷም እየፈራች በሩን ያልከፈተች ሴት አለች። እኔ አሁን ስምንተኛ ክፍል ያለሁት በዚያ በር ነው።» አንዲትም ቃል አልሰረዙባትም።

ግን ያን ዕለት ምሽት የሆነው ሳይነገር መቅረት የለበትም። ባንቺዓለም ገብሷን ልትሸጥ፣ ጨውም ልትገዛ ገበያ ወርዳ ነበር። በየመንገዱ እውነት በሕይወት መኖሯን ሊያረጋግጥ የሚያቆማት ሰው በዝቶ መሸባት። ከብቱ ተመለሰ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ካሣነሽ ተነሥታ መቀርቀሪያውን አወረደች። መሰለች እናቷ ውጭ መሆኗን እያሰበች በሩን አየች።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ካሣነሽ።

«እኔ ነኝ፣ ባንቺዓለም።»

«ባንቺዓለም ትናንት ሞታለች» አለች ካሣነሽ፣ እና ሳቀች። ልጆቹ ጥርሷን አዩ፤ ክር ሳትበጥስ። ውጭ ባንቺዓለም ሳቋ ፈነዳ፣ መሰለችም ጓዳው በር ላይ ሆዷን ይዛ ተጣጠፈች።

ካሣነሽ ሁለት እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። «ነይ ልጄ፣ በአንድ በኩል ያዥልኝ» አለች። አብረው አነሡት።